ማርያም ጀርባ፣ ስምንት ሜትር

«ተራ ጭቃ» ብለው ነው የጻፉት። በቀይ እስክሪብቶ፣ በሪፖርቴ ዳር ላይ፣ ከፊርማቸው ከፍ አድርገው። እኔ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ያልሞላኝ ጂኦሎጂስት ነበርኩ፤ እሳቸው ደግሞ አለቃዬ፣ ከእሳቸው በፊት ድንጋይ አንስቶ ያየ ሰው ያለ የማይመስላቸው። ሁለት ቃል ናት። ያቺን ሁለት ቃል ከሃያ ዓመት በላይ ተሸክሜያት ሚኒሶታ ድረስ መጣሁ። ሌላው ሰው ከአገሩ ሲወጣ ፎቶና ምስክር ወረቀት ይይዛል። እኔ ቂሜን ያዝኩ፤ ከቂሜ ጋር ደግሞ ጭቃውን ራሱን።

ጭቃው በአቡጀዲ ከረጢት ውስጥ ነበር፣ ሁለት ጭብጥ ያህል። በእኛ ሥራ ናሙና የሚቀመጠው እንደዚያ ነው፤ የከረጢቱ አፍ በሲባጎ ይታሰራል፣ በላዩ ላይ የተወሰደበት ቦታና ጥልቀቱ ይጻፋል። ካርታ ላይ ስም የሌለው ቦታ ሲያጋጥመን አጠገቡ ባለው ነገር እንጠራዋለን፦ ወፍጮ ቤት፣ ድልድይ፣ ትልቁ ዋርካ፣ ቤተ ክርስቲያን። እኔም በገዛ እጄ «ማርያም ጀርባ፣ ስምንት ሜትር» ብዬ ጻፍኩበት። የቦታው ትክክለኛ መለኪያ፣ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ፣ የመስክ ደብተሬ ላይ አለ። አገሩ የት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ረስቼው እንዳይመስላችሁ።

የሄድነው ወርቅ ፍለጋ ነበር። ዝናብ የማይጠፋበት፣ ኮረብታው ለስለስ ያለ፣ አፈሩ ቀይ የሆነ አገር ነው። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሰፈሩ ሰዎች ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር፤ ውሃ ከሩቅ ወንዝ መቅዳት አንገሽግሿቸው፣ በእጃቸው፣ በዶማና በገመድ። የሚወጣው አፈር መጀመሪያ ቀይ ነበር። ወደ ታች ሲዘልቁ ወደ ነጭነት ያደላ ሸክላ መጣ፤ የግራናይቱን መልክ እንደያዘ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ። አንስቼ ላስኩት። ጂኦሎጂስት አፈር ይልሳል፣ ይሄ ጉድ አይደለም፣ ሥራ ነው። ጥሩ ሸክላ ምላስ ላይ ይጣበቃል። ያኛው ምላሴን ይዞ አልለቅ አለ። ቆፋሪዎቹ ሥራቸውን ትተው ሳቁብኝ፤ አንዲት እናት ደግሞ «ምነው ልጄ፣ ምሳ የሚሰጥሽ የለም እንዴ?» ብለው ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው ሰጡኝ።

ለምን ልቤ እንደዘለለ ልንገራችሁ። ሬር ኧርዝ ወይም ብርቅዬ ማዕድናት የሚባሉት አሥራ ሰባት ንጥረ ነገሮች ስማቸው ሰውን ያሳስታል። ብርቅ አይደሉም፤ የእናንተም ጓሮ ውስጥ አሉ። ብርቅ የሚሆነው አንድ ቦታ ተሰብስበው ሲገኙ ነው። የቀለጠ አለት ከመሬት በታች ቀስ እያለ ሲበርድ ማዕድናቱ በየተራ ይረጋሉ፣ እያንዳንዱም ለልኩ የሚሆነውን እየመረጠ ይወስዳል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ግን ትልልቆች ስለሆኑ አብዛኛው ማዕድን አይወስዳቸውም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ፈሳሽ ድረስ ይቆያሉ፤ ከዚያ መጨረሻ ፈሳሽ የሚወጣው ግራናይት ከሌላው አለት ይልቅ ይይዛቸዋል። ይህ ግን ገና ግማሹ ሥራ ነው።

ሌላውን ግማሽ የሚሠራው ዝናብ ነው። የረገፈ ቅጠል ይበሰብሳል፣ ውሃውን ኮምጠጥ ያደርገዋል፣ ኮምጣጣው ውሃ ግራናይቱን በብዙ መቶ ሺህ ዓመት ያላላዋል። ድንጋዩ ሸክላ ይሆናል። ንጥረ ነገሮቹ ይፈቱና ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳሉ፣ የውሃው ኮምጣጣነት የሚቀንስበት ጥልቀት ላይ ሲደርሱ ሸክላው ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። ውስጡ አይገቡም፤ ዱቄት እርጥብ እጅ ላይ እንደሚይዘው ነው የሚይዙት። ኮረብታው ቀጥ ያለ ገደል ቢሆን ጎርፍ ጠራርጎ ይወስደው ነበር። ለስላሳ ከሆነ ግን አፈሩ ባለበት ይወፍራል፣ ሀብቱም ከላይ ታጥቦ ከታች ይጠራቀማል።

አለቃዬ መጡ፣ ከላይ ያለውን ቀይ አፈር በጫማቸው ጫፍ ጫር አደረጉ፣ እሱኑ ናሙና አስወስደው ለላቦራቶሪ ላኩ፣ ምንም አልተገኘም። ስኳሩ ከታች የቀረ ሻይ ሳያማስሉ ከላይ ፉት ብሎ «ስኳር የለውም» ማለት ይሄ ነው። ከጉድጓዱ የወጣው ይመርመር ብዬ ለመንኩ። «አንቺ ልጅ፣ የዚህ ግራናይት ማዕድን ግትር ነው፤ ዝናብ አይፈታውም» አሉኝ። ይህኛው ነገራቸው እውነት ሊሆን ይችል ነበር። ዝናብ የማይፈታው ማዕድን አለ፤ ያ ከሆነ ሸክላው ላይ የሚለጠፍ ነገር አይኖርም። የሚያረጋግጠው ምርመራ ብቻ ነበር። እሳቸው አላስመረመሩም፣ «ተራ ጭቃ» ጻፉ፣ እኔም ከረጢቱን ሲጥሉት መልሼ አነሳሁት። እንግዲህ በሕይወቴ ማወቅ የፈለግሁት ነገር ይህ ነው፦ ያን ቀን ትክክል ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም?

ከረጢቱ ከበርበሬና ከሽሮ መሃል ተደብቆ አሜሪካ ገባ። ኮሎምቢያ ሃይትስ አፓርትመንታችን ውስጥ ከአልጋዬ ሥር ያለ ሻንጣ ውስጥ ኖረ። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ሲመላለስ ሳምንት ያልፈዋል። እኔ ሚኒያፖሊስ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ ወደ ኤምአርአይ ክፍል እያመላለስኩ እሠራለሁ። ፎቶው እንዲጠራ በደም ሥር የሚሰጡት መድኃኒት ውስጥ ጋዶሊኒየም አለ፤ ከአሥራ ሰባቱ አንዱ። አንድ ቀን ለአንድ ሽማግሌ ይህንን ሳስረዳ የአሁኗ አለቃዬ ጠርታ «ያ ያንቺ ጆብ አይደለም» አለችኝ። ሽማግሌው ግን ደስ ብሏቸው ነበር። አሁንም ለጠየቀኝ ሁሉ አስረዳለሁ።

ልጄ ኮሌጅ ስትገባ እኔም ከማን አንሼ ብዬ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክላስ ተመዘገብኩ፤ የማዕድን ክምችት አፈጣጠር። አስተማሪው ልጄ ሊሆን ምንም አይቀረው። ተማሪዎቹ ደግሞ መጀመሪያ ቀን ክፍሉን የማጸዳ መስያቸው ቦርሳቸውን ከመንገዴ አነሱልኝ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሬር ኧርዝ የተማርንበት ሳምንት አስተማሪው የሸክላውን ዓይነት ክምችት በስላይድ አሳየን። እጄን አወጣሁና «እኔ ጋ አለ» አልኩ። ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ፣ ለጥሩ ብላ እንደሆነ ይገባኛል፣ «የትም የማይገጥሙ፣ መጨረሻ ላይ የሚሰባሰቡ… ልክ እንደ ስደተኞች፣ አይደል?» አለች። ክፍሉ ውስጥ «ኦው» ተባለ። «አይደለም» አልኳት። «ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ እኔ ሰው ነኝ። እኔ የትም እገጥማለሁ፤ ፊት ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት።» ከዚያ በኋላ ማንም በእኔ ላይ ምሳሌ አልመሰለም።

ክላሱ ሲያልቅ አስተማሪው ጠራኝ። ለመጨረሻው ፕሮጀክት ናሙናውን ከመመርመር ይልቅ ታሪኬን ብጽፍ ይሻላል ብሎ አሰበ፤ የሕይወት ታሪኬ ደስ እንደሚል፣ ሰው እንደሚነካ ነገረኝ። «የሕይወት ታሪክ የለኝም፣ ሳምፕል ነው ያለኝ» አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ እንዳልቀለድኩ አየና ተወው። ሐሙስ ይዤ እንድመጣ ተስማማን። ከውጭ የመጣ አፈር ስለሆነ ጀርሙ እንዲሞት መጀመሪያ ምድጃ ውስጥ ይሞቃል፣ ከዚያ በጨው ውሃ ይታጠባል፣ ከሸክላው ገጽ ላይ የለቀቀው ነገር በማሽን ይለካል። ቅጹም ላይ የቦታው መለኪያ በትክክል ይሞላል። እሺ አልኩ፤ ያኔ ቅጹ አላሳሰበኝም።

ሰኞ ከረጢቱን ከሻንጣው አወጣሁና እንዳልረሳው ኪችን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከእናቴ የጠበል ጠርሙስ አጠገብ። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው። ማክሰኞ ዕለት የማርያም ማኅበር ስለነበረ ሰው ወስዷት ውላ መጣች። እኔ ሺፍት ላይ ነበርኩ። ረቡዕ ከሥራ ስገባ ከረጢቱ ታጥቦ ሻወር ውስጥ ተሰቅሏል። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

«እማዬ፣ ይሄ ውስጥ የነበረውስ?» አልኳት።

ይቅርታ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ከነበረችበት ብድግ አለች። «አታፍሪም?» አለችኝ። «የማርያምን እምነት ሃያ ዓመት ሙሉ ሻንጣ ውስጥ ቀብረሽ! ስንቱ እየታመመ፣ ስንቱ እየጮኸ! እኔ እናትሽ እንኳ በዚህ ወገቤ!»

እምነት የምንለው ከገዳምና ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው የተባረከ አፈርና አመድ ነው፤ ግንባር ላይ ይቀባል፣ በጠበል ተበጥብጦ ይጠጣል። እዚህም እንደዚያው ይመጣል፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ የመጣበት ደብር ተጽፎበት። እናቴ ያለ መነጽር «ማርያም» የሚለውን አንብባ ከረጢቱን ሳመችው፤ ስምንት ሜትሩን ማን አየላት። በፌስታል ቁራጭ እየቋጠረች ማኅበር ላይ አደለችው። እውነቱን ለመናገር ያንን ከረጢት ያየ ክርስቲያን ሁሉ ይሳሳታል። ያን ዕለት ግን እውነቱን ለመናገር አልተዘጋጀሁም ነበር። ጮህኩባት። በሕይወቴ እናቴ ላይ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። የላቦራቶሪ ናሙና ነው፣ የጉድጓድ አፈር ነው፣ ሥራዬ ነው፣ ዕድሜዬ ነው አልኳት።

«ማም፣ ሪላክስ፣ ኢትስ ጀስት ደርት» አለች ልጄ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

ተራ ጭቃ። በእንግሊዝኛ፣ ከገዛ ልጄ አፍ። «ያ ስልክሽ ውስጥ ያለው ማግኔት የወጣው ከደርት ነው» ብዬ ወደ መኝታ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። አለቀስኩ። ትክክል እንደነበርኩ ወይም እንዳልነበርኩ ሳላውቅ ልሞት ነው ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ለአስተማሪው ሳምንት ጨምርልኝ ብዬ መልእክት ላክሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የማኅበሩን ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። አንደኛዋ እትዬ በጠበል በጥብጠው ጠጥተውታል። ሁለተኛዋ ከጎንደር ከመጣላቸው እምነት ጋር ቀላቅለውታል። ሦስተኛዋ ጉልበታቸው ላይ ቀብተው ጨርሰውታል። እንደ ልማዳችን ነገሩን አለባብሼ ማለፍ እችል ነበር፤ እናቴ ቀሚሴን እየጎተተች የምትለምነኝም ይህንኑ ነው። አላደረግሁትም። መሬት ላይ ያየሁትን ነገር አይደለም ብዬ አላውቅም፤ ለአለቃዬ ያላልኩትን ለማኅበር አልልም።

«እምነት አይደለም» አልኩ፣ አዳራሹ እንዲሰማ አድርጌ። «ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ከተቆፈረ ጉድጓድ የወጣ ሸክላ ነው። ማንም አልባረከውም። እናቴ አላወቀችም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከዚያ ባለ ጉልበቷ እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እሺ ልጄ፣ እኛስ ሰማን፤ ጉልበቴ ግን አልሰማም፣ ይኸው ከማክሰኞ ጀምሮ ደረጃ እወጣለሁ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። የጠጡት እትዬ «ይገድለኛል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ አይገድልዎትም፣ ሸክላ ነው አልኳቸው። «እንግዲያውስ ምን ያስጮኽሻል?» አሉኝ።

መኪና ውስጥ ሆነን እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጠቆረው በረዶ አዞረች። ተቀይማኛለች። ሀይዌይ ልገባ ስል «ለዚያችኛዋም ሰጥቻታለሁ» አለች።

«ለማን?»

«ለባልሽ እህት። ለጴንጤዋ። ማክሰኞ ማታ ቤት ስትመጣ። ልቧን ይመልሰው ብዬ።»

የባሌ እህት ሴንት ሉዊስ ፓርክ ነው የምትኖረው። የአማርኛ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ታገለግላለች፣ ከእናቴ ጋር በተገናኙ ቁጥር አንዷ አንዷን ለማዳን ይታገላሉ። ጠበል፣ እምነት የሚባል ነገር ደጇ አይደርስም። ጥላዋለች ብዬ ነው የሄድኩት። ቢሆንም ከነእናቴ ሄድኩ።

በሩን ከፍታ የመጣንበትን ስነግራት ፊቷ ቀላ። ባትሪና የሱፐርማርኬት ኩፖን ያለበትን መሳቢያ ከፈተች፣ ከጥግ አንዲት የተቋጠረች ፌስታል አወጣች። ቋጠሮው የእናቴ ነው፤ አልተፈታም።

«አትታዘቢኝ እህቴ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንዳልጠቀምበት ሃይማኖቴ አይፈቅድም። እንዳልጥለው ደግሞ እናትሽ በሁለት እጃቸው ነው የሰጡኝ። ጋርቤጅ ውስጥ መጣል ይሉኝታ ያዘኝ። ምን ላድርገው? አስቀመጥኩት።»

ቋጠሮውን ፈታሁት። ሦስት ማንኪያ ቢሆን ነው። ጠርጣራ ነኝ፣ ጣቴን ነክሬ ላስኩት። ምላሴን ይዞ አልለቅ አለ። የባሌ እህት አፏን በእጇ ከደነች፤ እኔም ወደ እናቴ ወገን የዞርኩ መስሏት ይሆናል። ያመኑት በልተው ጨርሰውት፣ ያላመነችው አቆየችልኝ። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እናቴ በበኩሏ ከኋላዬ ቆማ «እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም፤ ማርያም የት እንደምታስቀምጥ ታውቃለች» አለች፣ ሁሉንም ራሷ እንዳቀደችው ሁሉ።

ሐሙስ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። አስተማሪው ሦስቷን ማንኪያ አየና «ይህቺ ብቻ?» አለኝ። ትበቃለች አልኩት፤ በቃች። ምድጃ ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ በጨው ውሃ ታጠበች፣ ውሃው ተጠለለ። ግትር ማዕድን ውስጥ የታሰረ ቢሆን ኖሮ የጨው ውሃ ንቅንቅ አያደርገውም ነበር። ሸክላው ገጽ ላይ የተለጠፈ ከሆነ ግን ይለቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ አረማመዱ ተቀይሮ ነበር፤ ሰው ሳይናገር ይታወቃል። ለቋል። ላንታነሙም፣ ኒዮዲሚየሙም፣ ከሁሉ የሚፈለጉት ከባድ ዓይነቶቹም። ተራ አፈር ውስጥ ከሚጠበቀው ብዙ እጥፍ። ዝናቡ ፈትቶታል።

ወረቀቱን ይዤ ላቦራቶሪው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አለቃዬ ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ቢኖሩ ያንን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ አክብቤ እልክላቸው ነበር። «ተራ ጭቃ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ እዚያው ተማሪው ሁሉ እየሰማ። ደስታዬን ማንም አልተረጎመልኝም፤ አላስፈለገኝም።

አስተማሪው ግን ቸኩሎ ነበር። አንድ ናሙና ክምችት አይባልም አለኝ፤ አውቃለሁ አልኩት። ብዙ ጉድጓድ መቆፈር እንዳለበት፣ ይህን የሚፈልጉ ኩባንያዎች ብዙ እንደሆኑ፣ ስሜ እንደሚወጣ ነገረኝ። ቅጹ ላይ አንድ ሳጥን ብቻ ነው ባዶ የቀረው፤ ቦታው። መለኪያው ከሌለ ውጤቱ መዝገብ ውስጥ አይገባም፣ ለሳይንስ አይቆጠርም፣ የእኔም ፕሮጀክት እንዳልተሟላ ይያዛል። በሚቀጥለው ሐሙስ አምጪ አለኝ። የመስክ ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለምን እዚያው አውጥቼ እንዳልሰጠሁት ያኔ አላወቅሁም።

እቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ተቀይማኝ ስለከረመች ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም ነገርኳት፦ ግራናይቱን፣ ዝናቡን፣ የተሳቀብኝን፣ ቆሎ የሰጡኝን ሴትዮ። በሙሉ ልቧ ሰማችኝ። ስለ ላንታነም ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ውሃውስ ተገኘ?» አለችኝ።

«የቱ ውሃ?»

«ጉድጓዱን የቆፈሩት ለውሃ አይደል እንዴ?»

ሃያ ዓመት ስለዚያ ጉድጓድ ሳስብ ስለ ውሃው አስቤ አላውቅም ነበር። ተገኝቷል። ስምንት ሜትሩን ካለፉ በማግስቱ ነው የወጣው፤ እኛ መኪና ላይ ዕቃ ስንጭን እልልታው ተሰማን፣ ቆሎ የሰጡኝ እናት የመጀመሪያውን ውሃ በጣሳ ይዘው እየሮጡ መጡና አጠጡኝ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ትንሽ አፈር አፈር የሚል።

እንዲህ ዓይነቱ ሸክላ እንዴት እንደሚወጣ አስተማሪው ራሱ በስላይድ አሳይቶናል። ኮረብታው ላይ ጉድጓድ በጉድጓድ ይደረጋል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ እኔ በብርጭቆ እንዳደረግሁት የጨው ውሃ ይሞላበታል፣ ከታች በቦይ ይቀበሉታል። ቦዩ የማይዘው ወደ ምንጭና ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። የእኔ ናሙናና የእነሱ ውሃ ከአንድ ጉድጓድ ነው የወጡት። ማዕድን አይውጣ የምል ሰው አይደለሁም፤ የሆስፒታሌ መድኃኒትም የልጄ ስልክም ከዚያው ነው። ነገር ግን ጉድጓዱን በዶማ የቆፈሩት ሰዎች ሳይጠየቁ፣ አንዲት ሳጥን ለመሙላት ብዬ ሰው ወደ ደጃቸው አልመራም። አለቃዬ አፈሩን ናቁት። እኔ ደግሞ ትክክል መሆኔን ለማሳየት ብዬ ሰዎቹን ልንቅ ነበር።

ሐሙስ ቅጹን ሞልቼ ሰጠሁት። አስተማሪው ሳጥኑን አየ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ጠጋ አደረገ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነገር ነው። ምን እንደሚል ጠየቀኝ።

«ማርያም ጀርባ፣ ስምንት ሜትር።»

«መለኪያውስ?»

«አለኝ። አልሰጥህም።»

እንዳልተሟላ እንደሚይዝብኝ አስታወሰኝ፤ ይያዝ አልኩት። ክፉ ልጅ አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ከፈተ፣ «ማርያም» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር ነጠብጣብ ሞላው። ዞሮ አየኝ።

«የትኛዋ?» አለኝ።

ካፖርቴን ለበስኩ፣ የአቡጀዲ ከረጢቴን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። «ማርያም የሌለችበት ቀበሌ ካገኘህ እዚያ እንዳትደክም» አልኩት። «ከዚያ የቀረውን ሁሉ ፈልግ።»